አራተኛው ሳምንት

ተከታታይ ታሪክ

ክፍል 1

ሐረር ላይ ጫት የሚቅም ሰው መፈለግ ሥራ አይባልም። ከምሳ በኋላ ሸዋ በር ብቅ ማለት ነው። ሥራው የማይቅም ማግኘት ነው፤ ለዚያውም የማያጨስ፣ የማይጠጣ፣ ዕድሜው ከቃሚዎቹ የሚቀራረብ፣ ጉንጩን በእንጨት ሲፍቁለት ደግሞ «ይቺን ለማን ልትሸጧት ነው?» ብሎ ጥሎ የማይሄድ። አብራኝ የምትሠራው ሲስተር የማይቅሙትን ዝርዝር ለመሙላት ሁለት ወር ፈጅቶባታል።

«ዶክተር፣ ቃሚውን በባጃጅ ጭኜ አመጣልሻለሁ» ትለኝ ነበር። «የማይቅመውን ግን፣ አቦ፣ ጅግጅጋም ሄደን የምናገኘው አይመስለኝም።»

የእኔ ድርሻ ቆጠራ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «የዲኤንኤ ጉዳትና ጥገና ተመራማሪ ነኝ» እላለሁ። አባቴ ግን መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሲንጀሩን እየረገጠ ለደንበኞቹ «ልጄ የማይታይ ቀዳዳ ትቆጥራለች» ይላቸዋል። ከእኔ መልስ የእሱ ይሻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሕዋስ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞቹን እኩል መካፈል አለበት። በዚያ ሰዓት ከክሮሞሶም ላይ ቁራሽ ቢቆረስ፣ ወይም አንዱ ክሮሞሶም እንዳለ ወደ ኋላ ቢቀር፣ የተረሳው ነገር ለብቻው ይጠቀለልና ከዋናው አስኳል አጠገብ ትንሽ ክብ ሆኖ ይቀመጣል። ሳይንሱ ማይክሮኒውክለስ ይለዋል፤ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ግልገል አስኳል ነው የምንለው። እናቷ ጎን የተኛች ግልገል ትመስላለች። ግልገሏ ግን በጤና አልተወለደችም። ከእያንዳንዱ ሰው ጉንጭ 2,000 ሕዋስ አያለሁ፤ ግልገል ባየሁ ቁጥር በግራ እጄ ያለውን ቆጣሪ ጠቅ አደርጋለሁ። ስቆጥር አይወራም። ሲስተር ይህን ስለምታውቅ ሻዬን እንኳ በሩ ሥር አስቀምጣ ነው የምትመለሰው።

ወደዚህ ሥራ የጎተተኝ አንድ ጽሑፍ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያዊው ፈቃዱ ካሴ ቪየና ካሉ ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው። ሰውየው መነሻው የእንስሳት ሕክምና ነው፤ በኋላ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የሳንባ ካንሰርን አስቀድሞ ስለመከላከል ሲመራመር ኖሯል። በዚያ ጥናት የማያጨሱና የማይጠጡ 30 ሰዎች ነበሩ፤ 20ዎቹ ቃሚ፣ 10ሩ የማይቅሙ። በቃሚዎቹ ጉንጭ ላይ ግልገል አስኳሉ ስምንት እጥፍ ገደማ በዝቶ ተገኘ። ከፊኛቸው በተወሰደው ሕዋስ ላይ ግን ጭማሪ አልታየም፤ ጣጣው ያለው ቅጠሉ ተወትፎ የሚውልበት ቦታ ላይ ነው። ሲጋራና መጠጥ ሲታከሉበት ደግሞ ጉዳቱ ይደመራል። (ጨብሲ የሚወድ አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ቢል አይከፋም።)

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላው ውጤት ነው። ጥቂት ሰዎች ለጥቂት ቀን ብቻ ጫት ቃሙና ጉንጫቸው በየጊዜው ተፋቀ። ጉዳቱ ጎልቶ የወጣው በማግስቱ አይደለም፤ በአራተኛው ሳምንት ነው። ሕዋሱ የሚወለደው ከሥር ነዋ! ተገፍቶ ተገፍቶ ላይ እስኪደርስ ቀን ይፈጃል። ዛሬ የምፍቀው ጉንጭ የሚያወራኝ ስላለፈው ወር ነው።

በእኛ ጥናት ስላይዶቹ ቁጥር እንጂ ስም የላቸውም። ማን ቃሚ፣ ማን የማይቅም እንደሆነ የምታውቀው ሲስተር ብቻ ናት፤ እኔ ባውቅ ዓይኔ ያዳላል። የመጨረሻውን ስላይድ የጨረስኩት ማታ ነው፤ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል፣ ከፈላና በር በኩል የጅብ ድምፅ ይሰማል። ከሁሉ የበለጠ ግልገል ያገኘሁት በቁጥር 17 ላይ ነበር። እንደሱ ያለ ጉንጭ አይቼ አላውቅም።

«አሥራ ሰባት በርጫ ላይ ነው መሰለኝ የሚያድረው» አልኳት ለሲስተር፣ ትከሻዬን እያሸሁ። «በይ እስቲ ምድቡን ክፈቺው።»

ሲስተር ፖስታውን ቀደደች። ጣቷን ከላይ ወደ ታች ወረቀቱ ላይ አወረደችው። ቆመች። መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጠረገችና እንደገና አየች።

«ዶክተር» አለችኝ፣ «አሥራ ሰባት እኮ አይቅምም።»

ይቀጥላል

ክፍል 2

ባለፈው ሳምንት ከቃሚዎቹ ሁሉ የባሰ ጉንጭ ያለው ቁጥር 17 የማይቅም ሆኖ ተገኘ ብለን ነበር ያቆምነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ራሴን ነው። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ራሱን ሲጠረጥር የሚጀምረው ከማቅለሚያው ነው። እኛ የጀመርነው በጊምዛ ነበር፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ ይደርሳል፣ የወባ ስላይድ የሚያይ ሁሉ መደርደሪያው ላይ አለው። ነውሩ ዲኤንኤ የሌለውን የኬራቲን ቅንጣት ሁሉ አብሮ ማቅለሙ ነው። አስኳል አጠገብ የተለጠፈች ቅንጣት ደግሞ ለደከመ ዓይን ግልገል ሆና ትታያለች። ፎይልገን የሚባለው መንገድ ይሻላል፤ የሚያቀላው ዲኤንኤ ያለበትን ብቻ ነው።

ስለዚህ የ17ን ትርፍ ስላይዶች አውጥቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ስላይዱን አሲድ ውስጥ መንከር፣ ደቂቃውን መጠበቅ፣ ማጠብ። ቀጥሎ ሺፍ የሚባለው ፈሳሽ ይመጣል። ጠርሙሱ ውስጥ ሲያዩት ውኃ ነው። ጨለማ ውስጥ አስቀምጬው ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ። ስላይዱን ሳወጣው አስኳሎቹ አንድ በአንድ ደማቅ ሐምራዊ ሆነዋል፤ ሌላው ሁሉ ነጥቷል። ይህን ስንት ዓመት አይቼው እስካሁን አልሰለቸኝም። ቅንጣቶቹ የሉም። ግልገሎቹ ግን አሉ። እዚያው ተኝተዋል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ 17 ራሱ ነው። ዋሽቶን ይሆናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ምን አስጨነቀሽ? ሰርዢዋ!» አለኝ። «ማን ያውቃል? ሕዝቡ ሐኪም ፊት ሁሌም ጾመኛ ነው።»

እውነቱን ለመናገር እጄ ወደ እስክሪብቶው ሄዶ ነበር። አንድ ስላይድ ቢወጣ ሥዕሉ ያምራል፤ ቃሚው ከፍ፣ የማይቅመው ዝቅ። ዓመት የለፋሁበት ወረቀት በሰላም ይወጣል። ያቆመኝ ተማሪ ሳለሁ ጠረጴዛዬ ላይ የለጠፍኩት ፎቶ ነው። አዚዝ ሳንጃር ይባላል፤ ማርዲን አካባቢ ሳቩር ከምትባል ትንሽ የቱርክ ከተማ የወጣ፣ ወላጆቹ ያልተማሩ፣ ሕክምና ጨርሶ ገጠር ውስጥ ሐኪም ሆኖ ያገለገለ ሰው። በኋላ አሜሪካ ሄዶ በአልትራቫዮሌት የተመታን ባክቴሪያ በሰማያዊ ብርሃን የሚጠግነውን ኢንዛይም ሲያጠና ቆየ፤ በመካከሉ ሥራ የሚሰጠው ላብራቶሪ አጥቶ የል ዩኒቨርሲቲ በቴክኒሺያንነት ተቀጥሯል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከቶማስ ሊንዳልና ከፖል ሞድሪች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤልን ያገኘው በዚሁ በጥገና ጉዳይ ነው። ፎቶውን የለጠፍኩት ለኖቤሉ ብዬ አልነበረም። መኪና ግርግር ለተወለደች ልጅ ሳቩር የሚል ስም ቅርብ ሆኖ ስለተሰማኝ ነው። ያን ቀን ግን ከፎቶው ውስጥ ያየኝ መሰለኝ።

አልሰረዝኩም። ይልቅስ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው ጻፍኩ፦ ተሳታፊው የጤና ችግር ሊኖርበት ስለሚችል ማንነቱ ይገለጥልኝና ለምርመራ ልጥራው ብዬ። አሥር ቀን ፈጀ። ፈቃዱ የመጣ ዕለት ሲስተር የብረት ሳጥኑን ከፍታ ትልቁን መዝገብ አወጣች።

«ሴት ናት» አለች እየገለበጠች። «ሃያ ሰባት ዓመቷ። የእኔ ቀን አይደለም፤ ተለማማጇ ልጅ ናት የመዘገበቻት። የራሷን ስልክ አላስመዘገበችም፤ የቅርብ ተጠሪ ብላ አንድ ቁጥር ሰጥታለች።»

«ደውይላታ!»

ሲስተር የቢሮውን ስልክ አነሳች። ከመዝገቡ ላይ እያየች ቁጥሮቹን በቀስታ ተጫነች። ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

የካፖርቴ ኪስ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

ይቀጥላል

ክፍል 3

ሲስተር ለቁጥር 17 የቅርብ ተጠሪ ስትደውል የጮኸው የእኔ ስልክ ነበር።

ሃያ ሰባት ዓመት፣ ሴት፣ ተጠሪዋ እኔ። ስም መጥራት አላስፈለገም። ሚጡ ናት። ታናሽ እህቴ።

ማታ ደወልኩላት። ሳቀች። «እታለም፣ የማይቅም ሰው አጥተው ተቸገሩ ሲሉ እማዬ ነገረችኝ። አንቺ ስትሄጂ ጠብቄ ገባሁ። ሃያ ብር የትራንስፖርት ሰጡኝ፤ ልመልስ?»

«ሚጡ፣ ጫት ትቅሚያለሽ?»

ሳቋ ቆመ። «እማዬ ትሙት።»

በእናት ምሎ የሚዋሽ ሰው አይጠፋም፤ ሚጡ ግን ከእነሱ አይደለችም። ቢሆንም ባሏ ነጋዴ ነው፤ አወዳይ እየተመላለሰ ጫት ያመጣል፤ ቡዳ በር አጠገብ የተከራዩት ቤት ከሰዓት በኋላ በርጫ አይቀርበትም። ሲጋራው ይጤሳል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ እሷ ቡና ታፈላለች፣ ሲበተኑ ገራባውን ትጠርጋለች። ከዚያ ክምር ላይ አንድ ሁለት ቀምበጥ ወደ አፍ ማድረግ ምን ይከብዳል? ሦስት ሌሊት ይህንኑ ሳመነዥክ አደርኩ። እሷ እንዳልዋሸች ባምን እንኳ ጥያቄው አልተመለሰም፤ ግልገሎቹ ከየት መጡ?

በአራተኛው ቀን ከቪየና መልእክት ደረሰኝ። የ17ን አንድ ስላይድ ስም ሳልጠቅስ ለቀድሞ የሥራ ጓደኛዬ ልኬላት ነበር። እኛ የሌለንን መብራት የሚያወጣ ማይክሮስኮፕ እነሱ አላቸው፤ የክሮሞሶምን መሐል ወገብ፣ ሴንትሮመር የሚባለውን፣ በቀለም ለይተው ያበሩታል። ግልገሉ ውስጥ ብርሃን ካለ ክሮሞሶሙ የቀረው እንዳለ ነው ማለት ነው፤ ጨለማ ከሆነ ግን የቀረው የተሰበረ ቁራሽ ነው። የ2001ዱ ጥናት ይህንንም ፈትሿል። በርትተው በሚቅሙት ላይ ከግልገሎቹ 81 በመቶው ያበራ ነበር። ጫት የሚያበላሸው ክሮሞሶሙን ሰብሮ ሳይሆን አከፋፈሉን አዛብቶ ነው ማለት ነው፤ ክሮሞሶሙ ሳይሰበር ባቡሩ ያመልጠዋል።

የጓደኛዬ መልእክት አጭር ነበር። የ17 ግልገሎች አብዛኞቹ ጨለማ ናቸው።

ከወንበሬ ተነሳሁ። በአንድ ሰው ስላይድ መማል እንደማይገባ ተማሪዎቼን ራሴ ነኝ የማስተምረው። ቢሆንም ይህ የጫት እጅ አይደለም። ሚጡ አልዋሸችም። እህቴ ውስጥ ሆኖ ክሮሞሶም የሚሰብር ሌላ ነገር አለ። ራጅ? ተነሥታ አታውቅም። የከሰል ጭስ? ጭስማ እናታችንም ዕድሜዋን ሙሉ ታጥናለች።

ፈረስ መጋላ ከባጃጅ ወረድኩና በመኪና ግርግር አቋረጥኩ። አባቴ ከሲንጀሩ ላይ ቀና አላለም፤ ጉንጩ እንደልማዱ ተወጥሯል። እኔ የምመራው ጥናት ላይ ጉንጬን አልሰጥም ያለ ብቸኛው የሐረር ቃሚ እሱ ነው።

«ወዴት ነው እንዲህ መክነፍ?»

«ሚጡ ጋ።»

«እናትሽም እዚያው ናት» አለ። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። «ጠዋት ሄዳ እስካሁን አልተመለሰችም።»

ቁልቁል የሚወስዱት ቀጫጭን መንገዶች ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አይሄድም። አህያ ስትመጣ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው፤ ተለጠፍኩና ጀርባዬ በሙሉ አዲስ በተቀባ አረንጓዴ ተለቀለቀ። የግቢውን በር ገፋሁት። ዋናው ቤት ዝግ ነው። በርጫም የለም፣ ሰውም የለም። እጄን ለማንኳኳት አነሳሁ።

ከውስጥ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲወድቅ ሰማሁ። ስኒ ተሰበረ። ቀጥሎ የእናቴ ድምፅ፣ በሕይወቴ ሰምቼው በማላውቀው ቅጥነት፦

«ክብሪት! ኧረ ክብሪት አምጡ!»

ይቀጥላል

ክፍል 4

አገራችን ውስጥ ሰው ወድቆ «ክብሪት!» ተብሎ የሚጮኸው ለአንድ ነገር ብቻ ነው።

በሩን በትከሻዬ ከፍቼ ገባሁ። ሚጡ ቀዩ ወለል ላይ ናት፤ እጆቿ ተኮማትረው ይርገበገባሉ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ሄዷል። እናቴ ክብሪት አግኝታ ለኩሳ ጭሱን ወደ አፍንጫዋ እየወሰደች ነው። ከእጇ ነጠቅኳት። ሚጡን በጎኗ አዞርኳት፣ ነጠላዬን ጠቅልዬ ከራሷ ሥር አደረግሁ፣ የስኒውን ስባሪ በእግሬ ገፋሁ። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ደቂቃ ያልሞላው ነገር እንዲያ ይረዝማል።

ስትረጋጋና እንቅልፍ ሲወስዳት እናቴ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ከጡቷ ሥር አንድ የታጠፈ ፖስታ አውጥታ ጭኔ ላይ ጣለችው። በመድኃኒት ቤት እጅ ጽሑፍ ፌኖባርቢታል ይላል።

«ከመቼ ጀምሮ?» አልኳት።

«ከአሥራ ሦስት ዓመቷ። አንቺ ውጭ ነበርሽ።»

እኔ ውጭ ነበርኩ። እሷ ወለል ላይ ስትወድቅ እኔ የባክቴሪያ ጥገና እቆጥር ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም እማዬ?»

«ብነግርሽ ልትጽፊው? የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ ማን ያገባታል?» ድምፅዋ ውስጥ ጸጸት የለበትም። «ጠበሉንም ኪኒኑንም እኩል ነው የሰጠኋት፤ የትኛው እንደያዘላት አላውቅም። ለሰው የጨጓራ ነው አልን። አሁን ደግሞ ማርገዟን ስታውቅ ልጁን ይጎዳብኛል ብላ ኪኒኑን በራሷ ተወችው። ይኸው አምስተኛ ቀኗ። ዛሬ ልለምናት ነበር የመጣሁት።»

ማርገዟን የሰማሁት በዚህ ዓረፍተ ነገር መሐል ነው። ሦስት ወሯ።

ጥያቄ ወረቀቱን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ጫት ትቅሚያለሽ? ታጨሻለሽ? ትጠጫለሽ? ራጅ ተነሥተሻል? ስለ ኪኒን አልጠየቅሁም። ሚጡ አንድም ቃል አልዋሸችም፤ ያልተጠየቀችውን ነው ያልመለሰችው።

ያን ማታ ከአባቴ ጎን ተቀምጬ ነገሩን ላስረዳው ሞከርኩ። ፌኖባርቢታል ለዓመታት ሲወሰድ ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ከሰውነት ሊያመናምን ይችላል። ሕዋስ ያለ ፎሌት ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱን፣ ታይሚንን፣ በበቂ መጠን መሥራት አይችልም። ሲያጣ ዩራሲል የሚባል ተመሳሳይ ፊደል ይተካል።

«ጥቁር ክር ሲያልቅ በሰማያዊ እንደመስፋት» አለ አባቴ።

«እንደሱ። ግን ሕዋሱ ውስጥ ተቆጣጣሪ አለ። ቶማስ ሊንዳል በ1974 እ.ኤ.አ. ያገኘው ኢንዛይም ነው፤ ዩራሲል ባየበት ቦታ ቆርጦ ያወጣል።»

«ደግ አደረገ።»

«ደግማ ነው። ግን ቆርጦ ካወጣ በኋላ ያ ቦታ በምን ይሞላል? ታይሚን የለም። እንደገና ዩራሲል ይገባል። እንደገና ይቆረጣል።»

አባቴ ፔዳሉን መርገጡን ተወ። እጁ ላይ የነበረውን ሱሪ ገልብጦ አንድ ስፌት አሳየኝ፤ ደንበኛው ሦስት ጊዜ አስጠብቦ አስፍቶበታል፣ መርፌው የበሳው ቀዳዳ እርስ በርሱ ተጋጥሟል። «ይኸውልሽ» አለኝ። በሁለት አውራ ጣቱ ትንሽ ሳብ ሲያደርገው ጨርቁ ጠስ ብሎ ተተረተረ። «ክሩ አይደለም የተበጠሰው። ጨርቁ ነው።»

ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ዲኤንኤ ሁለት ገመድ ነው፤ ቁርጡ በአንደኛው ላይ ብቻ ከሆነ ሌላው ይዞ ያቆየዋል። በሁለቱም ላይ ፊት ለፊት ከተቆረጠ ግን ይበጠሳል፣ ቁራሹም በክፍፍል ጊዜ ይቀራል። ጨለማ ግልገል። የሚጠግነው እጅ ራሱ ቀደደው ማለት ነው፤ ክር ስላላቀረቡለት።

በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ኪኒኑን በድንገት ማቋረጥ ለእናትም ለጽንስም አደጋ መሆኑን ለሚጡ የነገሯት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ብነግራት ኖሮ እንደ ታላቅ እህት ቁጣ ነበር የምትሰማው። መድኃኒቱ በሳቸው ክትትል ተመለሰ። ደሟ ተመረመረ፤ ፎሌቷ ዝቅተኛ ነው። ፎሊክ አሲድ ተሰጣት፣ ከተለመደው ከፍ ባለ መጠን።

ባሏ ከአወዳይ ሲመለስ ዙርባውን በብብቱ እንደያዘ በር ላይ ቆመ። እናቴ አንድ ተረት ልትጀምርለት አፏን ስትከፍት «ተዉ እማማ» አላት። «ከተጋባን በሁለተኛው ወር ነው ያወቅሁት። ሌሊት ትንቀጠቀጣለች። በጎኗ አዞራታለሁ። ጠዋት የጨጓራ ኪኒኔን ዋጥኩ ስትለኝ እሺ እላለሁ።» ሚጡ ትራሱ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ እያለቀሰች ነው።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ቀርቶኛል። የጽንስ ህብለ ሰረሰር መጀመሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ ዳርና ዳሩ እየተነሣ፣ እየተጠጋ፣ እንደ ጥቅልል ይዘጋል። መዘጋቱን የሚጨርሰው ከተፀነሰ 28 ቀን ገደማ ሲሆነው ነው፤ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ፎሌት ከጎደለ ሳይዘጋ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ይላል። ፎሊክ አሲዱ ሦስት ወር ላይ መጣ። አራተኛው ሳምንት ካለፈ ቆይቷል። ሊያሳየን የሚችለው አልትራሳውንድ ነው፤ ለእሱም ሆዷ አምስት ወር እስኪጠጋ መጠበቅ አለብን።

ጠበቅን። በመካከሉ የ17ን ውጤት ከሠንጠረዡ ሳላወጣ፣ ከሥሩ ኪኒኑን ገልጬ ጻፍኩ፤ ሥዕሉ ተበላሸ። ጥያቄ ወረቀቱ ላይም አንድ መስመር ጨመርኩ።

ቀኑ ሲደርስ ክፍሉ ጨለማ ነበር፤ ከስክሪኑ ሌላ ብርሃን የለም። ባለሙያው ወጣት ነው፤ ሚጡ ሆድ ላይ ቀዝቃዛውን ጄል ቀብቶ መሣሪያውን ወዲያ ወዲህ ሲያደርግ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ አቆመ። ስክሪኑ ላይ ከጽንሱ አንገት ሥር ጀምሮ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ረድፍ ነጫጭ ነጥቦች ታዩ። ጎን ለጎን ሄደው ሄደው ወገቡ አካባቢ ሲደርሱ ምስሉ ተድበሰበሰ። ባለሙያው ወደ ስክሪኑ ተጠጋ። መሣሪያውን በትንሹ አዘነበለው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም።

ሚጡ እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። «እታለም፣ ለምንድን ነው ዝም ያለው?»

«እሽ» አልኳት። «እየቆጠረ ነው።»

ይቀጥላል